ሌላ ሰው የተከለውን የሌባ ማስጠንቀቂያ ደወል ስለ መረከብ

ይህን አነስተኛ ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ያነሣሣን በአንድ ተቋም የደረሰ ነገር ነው። የተቋሙን ስም መጥቀስ ለነገሩ ስለማይጠቅም እንተወዋለን። ክረምቱ እንዳለፈ ከተቋሙ የዕቃ ግምጃ ቤት ሁለት ማይክሮስኮፖች ሌሊት ተሰረቁ። በቤቱ ውስጥ የማስጠንቀቂያ ደወል ተተክሎ ነበር፤ ነገር ግን አልጮኸም። በማግሥቱ ኃላፊዎቹ መጥተው የመቆጣጠሪያውን ሰሌዳ ሲመለከቱ አረንጓዴዋ መብራት እንደ ወትሮዋ በርታለች። ይህችም መብራት በሮቹ ሁሉ ተዘግተዋል፣ መሥመሩም ደኅና ነው ማለት ናት። ከጎኗ ያለችው ቢጫ መብራት ደግሞ ብልሽት ስትጠቁም ወራት ስላለፏት ማንም ሰው ከሰሌዳው ጌጥ እንደ አንዱ እንጂ እንደ ምልክት አያያትም ነበር። ስለዚህ መሣሪያው ደኅና ከሆነ ጥፋቱ የሰው ነው ተባለና፣ የሌሊቱ ዘበኛ ደወሉን ሳያበሩ ተኝተዋል በሚል ጥርጣሬ ደመወዛቸው ተያዘ።

ደወሉን ከተከለው ባለሞያ ጋራ የነበረው ውል ከስርቆቱ አስቀድሞ አብቅቶ ስለ ነበር፣ ተቋሙ ሌላ ባለሞያ ጠርቶ ሥራውን እንዲረከብ አደረገ። የፊዚክስ መምህራችንም ከዚህ ባለሞያ ጋራ ስለሚተዋወቁ ሦስታችንን «ሄዳችሁ መሰላል ያዙለት፣ ዓይናችሁንም ክፈቱ» ብለው ላኩን። ከዚህ ቀጥሎ የምንጽፈው በእነዚያ ጥቂት ቀናት ያየነውንና ኋላም ከመጻሕፍት ያመሳከርነውን ነው።

በኤሌክትሪክ የሚሠራ የሌባ ደወል አዲስ ነገር አይደለም። እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ1853 ዓ.ም. አውግስተስ ራስል ፖፕ የተባለ አሜሪካዊ በማሳቹሴትስ ግዛት ለሠራው ደወል የፈጠራ መብት ተቀበለ። በ1857 ዓ.ም. ኤድዊን ሆምስ መብቱን ከፖፕ ገዝቶ ደወሉን በቦስተን፣ ኋላም በኒውዮርክ ይሸጥ ጀመር። እንግዲህ በዚህ ንግድ ስሙ የገነነው ሆምስ ራሱ ሌላ ሰው የጀመረውን የተረከበ ሰው ነበር። በፖፕ አሠራር በሩ ሲከፈት ሁለት የብረት ጫፎች ይገናኛሉ፤ ያን ጊዜ የኤሌክትሪኩ ዙር ይሟላል፣ ማግኔቱም መዶሻውን ስቦ ደወሉን ይመታል። አሳቡ መልካም ነው፤ ዳሩ ግን አንድ ትልቅ ጉድለት አለበት። በሩ ተዘግቶ ሳለ በሽቦው ውስጥ ምንም ነገር አይሄድም። ስለዚህ ሌባው አስቀድሞ ሽቦውን ቢቆርጠው ወይም አይጥ ቢበላው ደወሉ ዝም ይላል፤ ዝምታውም ከደኅንነት ዝምታ አይለይም።

ዛሬ የሚሠራባቸው መሣሪያዎች ይህን ጉድለት ለማስወገድ ነገሩን ገልብጠውታል። በበሩ መቃን ላይ ትንሽ የመስተዋት ቱቦ ትቀመጣለች። በውስጧ ሁለት ቀጫጭን የብረት ምላሶች አሉ፤ በሩ ላይ የተለጠፈው ማግኔት ሲቀርባቸው ይያያዛሉ፣ ሲርቃቸው ይለያያሉ። በሩ በተዘጋ ጊዜ ኤሌክትሪክ ሳያቋርጥ ይዞራል፤ በሩ ቢከፈት ወይም ሽቦው ቢቆረጥ ዙሩ ይቋረጥና ደወሉ ይጮኻል። ሆኖም ብልህ ሌባ ሽቦውን በመቁረጥ ፈንታ ሁለቱን ሽቦዎች ልጦ እርስ በርሳቸው ቢያገናኛቸው ይህንንም ማታለል ይችላል። ስለዚህ በመሥመሩ ጫፍ፣ ማለት በበሩ ዘንድ፣ ሬዚስተር የሚባል የኤሌክትሪክን ፍሰት የሚቀንስ ትንሽ ዕቃ ይጨመራል። መቆጣጠሪያው የሬዚስተሩን ልክ ያውቃል። ልኩን ካገኘ ደኅና ነው ይላል፤ ከልክ በላይ ካገኘ መሥመሩ ተከፍቷል ወይም ተቆርጧል፤ ዜሮ ካገኘ ደግሞ ሽቦዎቹ ተገናኝተዋል ማለት ነው።

ልኩ በየፋብሪካው ይለያያል። ዲ ኤስ ሲ የሚባለው ዓይነት በብዙ ሣጥኖቹ 5600 ኦም ይፈልጋል፤ ፓራዶክስ 1000 ኦም፣ የሃኒዌል ቪስታ 2000 ኦም ነው። ሬዚስተሩም በአካሉ ላይ ባሉት የቀለም መሥመሮች ይታወቃል፤ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ የሆነው 5600፣ ቡናማ፣ ጥቁርና ቀይ የሆነው 1000 ነው። ሣጥኑን ለውጦ ሬዚስተሮቹን እንደ ነበሩ የሚተው ሰው ሥራው ሁሉ ተበላሽቶ ሲያገኘው ይደነግጣል፤ ነገሩ ግን የተበላሸ ሳይሆን ቋንቋው የተለያየ ነው።

አንባቢ እዚህ ላይ «ሬዚስተሩ በበሩ ዘንድ ሳይሆን በሣጥኑ ውስጥ ቢቀመጥስ?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ የዚህም ጽሑፍ ፍሬ ነገር እዚያው ላይ ይገኛል። መቆጣጠሪያው በሩን አያይም። የሚያየው ሁለት ብሎኖችንና በእነርሱ መካከል ያለውን የኦም ልክ ብቻ ነው። ከብሎኖቹ ወዲያ ያለው ሁሉ፣ ሽቦው ወዴት እንደሚሄድ፣ ጫፉ ላይ ምን እንዳለ፣ ቁጥር 4 የተባለው መሥመር የየትኛው በር እንደ ሆነ፣ ሣጥኑ የሚያውቀው ቀድሞ የተከለው ሰው እንደ ነገረው ነው። ስለዚህ አረንጓዴዋ መብራት ምስክር ብትሆንም የምትመሰክረው የሰማችውን ነው። የሚረከብ ሰውም ሣጥንና ሽቦ ብቻ ሳይሆን የማያውቀውን ሰው ቃል ጭምር ይረከባል።

ባለሞያው እንደ ደረሰ ብሎን መፍቻ ያነሣል ብለን ስንጠብቅ ወንበር ስቦ ከሰሌዳው ፊት ተቀመጠ። «ሳናጠፋው በፊት የሚያውቀውን ይናገር» አለን። እንዲህ ያሉ መቆጣጠሪያዎች የሆነውን ሁሉ በተራ የሚመዘግቡበት ማኅደር አላቸው፤ ማን እንዳበራው፣ ማን እንዳጠፋው፣ የትኛው መሥመር እንደ ጮኸ፣ የመብራት ኃይል መቼ እንደ ተቋረጠ። ይህን ለማንበብ የባለቤቱ ምስጢር ቁጥር ይበቃል፤ እርሱም በንብረት ክፍሉ ኃላፊ እጅ ነበር። ችግሩ የመቆጣጠሪያው ሰዓት መሳሳቱ ነው። በአንድ ወቅት ኃይል ፈጽሞ ጠፍቶበት ሲነሣ ያስተካከለው ሰው ስላልነበረ ከዓመታት በፊት ያለ ቀን ያሳያል። ቢጫዋ መብራት ከምትናገራቸው ነገሮች አንዱ ይህ ነበር። ነገር ግን የተሳሳተ ሰዓት ሁሉ ከንቱ አይደለም፤ ስሕተቱ አንድ ዓይነት ከሆነ ይታረማል። የሣጥኑን ሰዓት ከዕለቱ እውነተኛ ሰዓት ቀንሰን ልዩነቱን በየመዝገቡ ላይ ደመርነው። እንደገናም ከዚያን ዕለት ወደ ኋላ የማታውን ማብራትና የጧቱን ማጥፋት አንድ በአንድ ቆጠርን። ሁለቱም መንገድ አንድ ሌሊት ላይ አደረሱን። ስርቆቱ በተፈጸመበት ሌሊት ደወሉ ማታ በተጠቃሚ ቁጥር 3 በርቷል፤ ጧትም በዚያው ቁጥር ጠፍቷል። ቁጥር 3 የዘበኛው ነው። በመካከሉ ምንም መዝገብ የለም።

ባለሞያው ዕለቱን ቸኩሎ ኃይሉን አቋርጦ ቢሆን ኖሮ ሰዓቱ እንደገና ይጠፋ ነበር፤ የቀኑን ልዩነት የምናወጣበት መንገድም አብሮ ይጠፋ ነበር። አሁን ግን ዘበኛው ሥራቸውን እንደ ሠሩ ታወቀ፤ ደወሉ ለምን እንዳልጮኸ ግን ገና አልታወቀም።

ቀጥሎ የተደረገው ቀላል ነገር ነው፤ ሆኖም ግማሽ ቀን ፈጀ። አንዳችን ከሰሌዳው ፊት ቆምን፤ ሁለታችን ከዘበኛው ጋራ እየዞርን በሮቹን አንድ በአንድ ከፈትን፤ በከፈትን ቁጥርም በስልክ እየተጠራራን የትኛው ቁጥር እንደ በራ ጻፍን። የፊቱ በር በትክክል ቁጥር 1 አበራ። ቁጥር 2 ተብሎ በወረቀቱ ላይ የተጻፈው መስኮት ቁጥር 3 ሆኖ ተገኘ። የግምጃ ቤቱን የጓሮ በር በከፈትን ጊዜ ግን በሰሌዳው ላይ አንዳች ነገር አልተለወጠም። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቶ አረንጓዴዋ መብራት በርታለች። ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ዘጋነው ከፈትነው፤ ያው ነው።

ዘበኛው በዝምታ ሲመለከቱን ቆይተው፣ «ልጆቼ፣ ይህ በርማ በዝናቡ ጊዜ ያብጣል» አሉን። «አምና ክረምት በየሌሊቱ ያለ ምክንያት ይጮኽ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ተማረረ። ኋላ አንድ ቀን ሰው መጥቶ ነካካውና ጸጥ አለ። እኔም ተሠራ ብዬ አመሰገንሁ።»

«ጋሼ፣ ማን እንደ መጣ ያስታውሳሉ?» ብንላቸው፣

«ሣጥኑን የሚከፍት ሰው ነዋ። እኔ ሣጥን አልከፍት» ብለው መለሱልን።

ሣጥኑን ስንከፍት ነገሩ ግልጽ ሆነ። ከጓሮው በር የመጡት ሁለት ሽቦዎች ከብሎናቸው ተፈትተው ወደ ጎን ታጥፈዋል። በቦታቸው ባለ አረንጓዴ፣ ሰማያዊና ቀይ ሬዚስተር ተጠምዷል። እንደሚመስለን የሆነው እንዲህ ነው። የእንጨቱ በር በእርጥበት ሲያብጥ እስከ መጨረሻው አይገጥምም፤ ማግኔቱም ከመስተዋቷ ቱቦ ስለሚርቅ ምላሶቹ ይለያያሉ፣ ደወሉም ይጮኻል። መፍትሔው በሩን በአናጢ ማስጠረብ ወይም ማግኔቱን ማስጠጋት ነበር። ነገር ግን በሌሊት የተጠራ ሰው ለጊዜው ጸጥ ማሰኘትን መርጦ፣ ሲነጋ ተመልሼ እሠራዋለሁ ብሎ ይሆናል። የሥራ ማስታወሻ ስላልተገኘ ይህን ማን እንዳደረገው መናገር አይቻልም፤ ደግሞም ቀድሞ የተከለው ሰው ነው ብሎ መፍረድ ዘበኛውን ያለ ማስረጃ እንደ መክሰስ ይሆናል።

ከእኛ አንዱ ይህ ጉድለት በመለኪያ ብቻ ይገኝ እንደ ሆነ ጠየቀ። በሒሳብ ሞከርነው። ከጓሮው በር እስከ ሣጥኑ 60 ሜትር ያህል ሽቦ አለ፤ መልስና ምላሹ 120 ሜትር ይሆናል። የሽቦው ውፍረት 0.22 ካሬ ሚሊሜትር ሲሆን የመዳብ ሽቦ በዚህ ውፍረት በሜትር 0.078 ኦም ገደማ ስላለው፣ ሽቦው ብቻውን ከ9 ኦም ጥቂት ይበልጣል። እንግዲህ ሬዚስተሩ በበሩ ዘንድ ቢሆን መለኪያው 5609 ኦም፣ በሣጥኑ ውስጥ ቢሆን 5600 ኦም ማሳየት ነበረበት። ይሁንና የተለመደው ሬዚስተር ራሱ ከተጻፈበት ልክ 5 በመቶ ሊዛነፍ ይችላል፤ ይህም እስከ 280 ኦም ነው። ዘጠኙ ኦም በሁለት መቶ ሰማንያው ውስጥ ይሰጥማል። ስለዚህ ከሣጥኑ ፊት ተቀምጦ እጅግ ጥሩ በሆነ መለኪያም ቢሆን ይህን ማወቅ አይቻልም፤ ተነሥቶ ሄዶ በሩን መክፈት ያስፈልጋል። በዚህ ጉዳይ ላይ ከመምህራችን ጋራ ትንሽ ተከራክረን ነበር፤ ሒሳቡን ባዩ ጊዜ ተስማሙ።

ስለ ምስጢር ቁጥር ደግሞ ጥቂት መናገር ይገባናል። እንዲህ ባለው መሣሪያ ሁለት ዓይነት ቁጥር አለ። አንዱ የተጠቃሚው ነው፤ ያበራል ያጠፋል። ሌላው የተካዩ ነው፤ የመሥመሮቹን ጠባይ፣ የሚደወልባቸውን ስልኮች፣ ይህን የመሰለውን ሁሉ የሚለውጠው በዚህ ነው። ብዙ ተካዮች ፋብሪካው ያወጣውንና በመመሪያው መጽሐፍ ላይ የታተመውን ቁጥር ሳይለውጡ ይተዉታል፤ ይህ ለሚረከበው ሰው ምቹ፣ ለባለቤቱ ግን አደገኛ ነው። ሌሎች ደግሞ ለውጠው ለማንም አይናገሩም። በዲ ኤስ ሲ ሣጥኖች ተካዩ ከፈለገ ቁጥሩን ወደ ፋብሪካው ልክ መመለስ እንዳይቻል መዝጋትም ይችላል። እንዲህ የተዘጋ ሣጥን ኃይል ባገኘ ጊዜ በውስጡ ያለችው የስልክ መሥመር ሪሌ ቶሎ ቶሎ ቀጭ ቀጭ እያለች ታስታውቃለች። የእኛም ሣጥን ይህንኑ ድምፅ አሰማን።

ተካዩ ይህን ለማድረግ መብት አለውን? በዚህ ላይ አሳባችን አንድ አልሆነም። ዕቃው የተካዩ ሆኖ ባለቤቱ በየወሩ እየከፈለ የሚጠቀምበት እንደ ሆነ፣ በአሜሪካም አንዳንድ ኩባንያዎች በዚህ ውል እንደሚሠሩ፣ ቁጥሩን መያዙ አያስነቅፈውም። ነገር ግን ዕቃው ተሽጦ ዋጋው ተከፍሎ ካለቀ በኋላ ቁጥሩን መከልከል ቤት ሸጦ ቁልፉን በኪስ ይዞ እንደ መሄድ ነው የሚል አሳብ በመካከላችን አመዘነ። ባለሞያው ግን ከዚህ ሁሉ ክርክር በፊት የሚደረገው ስልክ ደውሎ በአክብሮት መጠየቅ ነው አለን፤ እርሱ ከጠየቃቸው ሰዎች አብዛኞቹ ሳያመነቱ ነግረውታል። እኛም ደወልን፤ በውሉ ላይ የነበረው ስልክ አልሠራ አለ። ስለዚህ ሣጥኑን ከመለወጥ በቀር ሌላ መንገድ አልተገኘም፤ የጓሮው በር ሽቦ ግን ያንኑ ዕለት ወደ ቦታው ተመለሰ።

ባትሪውን ሳንጠቅስ አናልፍም። መብራት በጠፋ ጊዜ ደወሉ የሚሠራው 12 ቮልትና 7 አምፔር-ሰዓት በሆነ የእርሳስ ባትሪ ነው። መሣሪያው በጠቅላላ 0.2 አምፔር ቢፈጅ በሒሳብ 35 ሰዓት ይበቃል። ያገኘነው ባትሪ ብቻውን ሲለካ 12.6 ቮልት አሳየ፤ እኛም ደኅና ነው ብለን ልናልፈው ነበር። ባለሞያው ግን ባለ 21 ዋት የመኪና የፍሬን አምፖል አገናኘበት፤ ይህ 1.75 አምፔር ያህል ይስባል። ደቂቃ ሳይሞላ ቮልቱ ከ10 በታች ወረደ። ሥራ ያልያዘ ባትሪ እንደ ሥራ ፈት ሰው ስለ ጉልበቱ ብዙ ይናገራል፤ ሸክም ሲያነሣ ነው የሚታወቀው። እንዲህ ያለው ባትሪ በየሦስቱ እስከ አምስቱ ዓመት ሊለወጥ ይገባል፤ መብራት ደጋግሞ በሚጠፋበት ከተማ ከዚያም ቀደም ብሎ። በዚህኛው ላይ የተተከለበት ቀን አልተጻፈም።

ደወሉ በተንቀሳቃሽ ስልክ ሦስት ሰዎችን እንዲጠራ ታስቦ ነበር። ከሦስቱ ሁለቱ ተቋሙን የለቀቁ ናቸው። ሲም ካርዱም በቀድሞው ተካይ ስም የወጣ ስለ ነበር መሥመሩ መቼ እንደ ተቋረጠ ያወቀ የለም። ይህ የእኛ አገር ድካም ብቻ እንዳይመስል፣ በአሜሪካ አንዳንድ የስልክ ኩባንያዎች የሦስተኛውን ትውልድ መሥመር እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር በ2022 ዓ.ም. ሲዘጉ፣ በዚያ መሥመር ይጣሩ የነበሩና በጊዜው ያልተለወጡ የሌባ ደወሎች ድምፃቸው ወደ ውጭ መድረስ አቁሟል። በቤት ውስጥ ግን ሰሌዳቸው ይበራ ነበር።

አሮጌው ሣጥን ከመነሣቱ በፊት እያንዳንዱ ሽቦ ስም ተሰጠው። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የእጅ ሥራ መምህራችን ስም ያልተጻፈበት ሽቦ ካዩ ይነቅሉብን ነበር፤ ያን ጊዜ ያማረርነውን ያህል አሁን አመሰገንናቸው። በነጭ ፕላስተር ላይ ቁጥሩንና የበሩን ስም ጽፈን ጠቀለልንበት፤ ፎቶግራፍም አነሣን። አዲሱ ሣጥን 1000 ኦም የሚፈልግ ስለ ሆነ ሬዚስተሮቹ ሁሉ በየበሩ ዘንድ ተለወጡ። ከዚያም በሮቹን እንደገና አንድ በአንድ ከፍተን፣ ሽቦውን ፈትተን፣ አገናኝተን ሦስቱንም ሁኔታ በየመሥመሩ ፈተንን።

ያገኘነውን ሁሉ በሦስት ገጽ ጽፈን ከመዝገቡ ግልባጭ ጋራ በባለሞያው በኩል ለአስተዳደሩ አቀረብን። የዘበኛው ደመወዝ ከሁለት ወር በኋላ ተመለሰላቸው። ማይክሮስኮፖቹ አልተገኙም። አዲሱ የምስጢር ቁጥር በታሸገ ፖስታ በንብረት ክፍሉ ሣጥን ውስጥ ተቀምጧል፤ በክዳኑ ውስጠኛ ገጽም የመሥመሮቹ ዝርዝር፣ የሬዚስተሩ ልክና ባትሪው የተተከለበት ቀን ተለጥፏል። የጓሮውን በር የሚጠርብ አናጢ ግን ይህን እስከ ጻፍንበት ቀን ድረስ አልመጣም፤ ዘበኛውም ዝናቡ ሳይጀምር እንዲመጣ በየሳምንቱ ያስታውሳሉ።